የሞጣው ማጣሪያ

ያለፈው የካቲት ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ተቀምጬ የቢቸናን ሚኒባስ እጠብቅ ነበር። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ እኔም ከወንበሬ መነሳት አላሰኘኝም። በማግስቱ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ከብት ስከትብ ሰንብቼ ጉልበቴ ዝሏል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የበረዶ ሸርተቴ ያሳያል። አስተናጋጇ ወደ ኳስ ልትቀይረው ሪሞቱን ስታነሳ "እባክሽ፣ ትንሽ ተይው" አልኳት። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ተወችው።

አንድ የኖርዌይ ልጅ አለ፤ ስሙን በትክክል መጥራት እስካሁን አልሆነልኝም። እግሩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጣውላ አስሮ፣ በሁለት ዘንግ እየገፋ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አጭር ርቀት ይወዳደራል። መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ታይፎይድ ይዞኝ ተኝቼ ሳለ ነው። ያኔ ጢሙ እንኳ አልወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በስልኬ ስከታተለው ኖሬአለሁ፦ ሲያሸንፍ፣ ወድቆ እጁን ሲሰበር፣ አንድ ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲያሸንፍ። ዘንድሮ በቃኝ ብሏል አሉ። ልጆቼ ይስቁብኛል። እኛ አገር በረዶ የሚታወቀው ሐምሌ ላይ ወርዶ ባቄላውን ሲያወድም ነው፤ በረዶ ላይ የሚሮጥ ሰው አለ ብላቸው ጎረቤቶቼ "ምን ኃጢአት ሠርቶ?" ነው የሚሉት።

እኔን የሚገርመኝ ግን ማሸነፉ አይደለም። በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይወዳደራል፤ ከመጨረሻው በፊት ያሉት ሁሉ ማጣሪያ ናቸው። በማጣሪያ ሁለተኛ መውጣት የሚበቃው ከሆነ ሁለተኛ ይወጣል። ዞር ብሎ ያያል፣ ሌላውን ያሳልፋል፣ ጉልበቱን ለኋላ ያስቀምጣል። ሰው እያየው መቀደም የማያሳፍረው ሰው ያስቀናኛል።

እንዲህ እያየሁ ጋሼ ይታየው ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ከቢቸና ሞጣ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ መኪናውን ለልጃቸው ሰጥተዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ሽሮ አዘዙና ወደ ቴሌቪዥኑ አፈጠጡ።

"ይሄ ልጅ ደከመው መሰለኝ፤ ተቀደመ እኮ" አሉ።

"አልደከመውም ጋሼ። ማጣሪያ ነው፤ ጉልበቱን እየቆጠበ ነው።"

ዞረው ትንሽ አዩኝ። ሽሯቸው መጣላቸውና መብላት ጀመሩ፤ እኔም ሳልፈልገው ወደ አሥራ ስምንት ዓመቴ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ቢቸና ተማሪ ነበርኩ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር እሮጣለሁ። የሚያሠለጥነን ከአርሲ ተመድቦ የመጣ መምህር ከድር የሚባል የስፖርት አስተማሪ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቅኔ ያስተምራሉ፤ ለቅኔ የሚሆን ጭንቅላት እንደሌለኝ በጊዜ ተረድተው ትተውኛል። መሮጤን አልከለከሉም፣ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላዩኝም። "የሚያሳድድህ ሳይኖር ምን ያስሮጥሃል?" ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የወረዳዎቹ ትምህርት ቤቶች ሞጣ ተገናኙ። ከባሕር ዳር አንድ የክለብ ሰው መጥቶ ነበር። በፍጻሜው አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ወስዶ መኝታ፣ ምግብና ደመወዝ ሊሰጥ ነው ተባለ። ትምህርቴ መካከለኛ ነው፤ ከእግሬ በቀር የሚያወጣኝ አልነበረም። በአሮጌ አውቶቡስ፣ በዚያ የጠጠር መንገድ፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደወይንን አልፈን አቧራ ለብሰን ሞጣ ገባን። የመማሪያ ክፍል ዴስኮች ገጥመን ተኛን።

ማጣሪያው በጠዋት ነበር የታሰበው። የክብር እንግዳው አርፍደው መጡ፣ ንግግራቸውም ረዘመ፤ ወደ መስመሩ ስንጠራ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ፍጻሜው ግን ከሰዓቱ አልተገፋም፤ መሀል ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቀረን ነው። መምህር ከድር ትከሻዬን ይዞ "ስማኝ፣ ሦስተኛ የወጣ ያልፋል። ሦስተኛ ውጣ። አራተኛውን ብቻ እያየህ ሩጥ፤ የፊተኞቹ ጉዳይህ አይደሉም" አለኝ። እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር።

ሁለት ዙር እንደተባልኩት ሮጥኩ። የሞጣ ተማሪዎች "የቢቸናው ተኛ!" እያሉ ይሳለቃሉ፤ እሱንም ቻልኩት። በሦስተኛው ዙር አጥሩ ጋ፣ በተማሪው መሀል፣ አንድ ነጭ ጥምጥም አየሁ። አባቴ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በጋሼ ይታየው የጭነት መኪና መጥተው ኖሯል። ጃንጥላቸውን አጥፈው የሚያዩት እኔን ሳይሆን ከፊት የሚሮጠውን ልጅ ነበር። ልጃቸው ሦስተኛ ሆኖ ሲሮጥ አዩ ማለት ነው። ያ ነገር አንገበገበኝ። መምህር ከድርም፣ የክለቡ ሰውም፣ ባሕር ዳርም ከጭንቅላቴ ወጡ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ሌሎቹን ግማሽ ሜዳ ያህል ቀድሜያቸው ገባሁ።

እያለከለክሁ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"አየሁህ" አሉኝ አባቴ። "አንደኛ ነህ አይደል?"

"አንደኛ ነኝ፣ አባ።"

ማጣሪያ መሆኑን አልነገርኳቸውም። በጨርቅ የቋጠሩትን የበሶ ጭብጦ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። "ይታየው ሊነሳ ነው፤ ቅመስና ውኃ ጠጣበት" ብለውኝ ሄዱ። ደስታቸው ከአረማመዳቸው ይታወቅ ነበር። ጭብጦውን ግን ሳልቀምሰው መልሼ ቋጠርኩት።

በፍጻሜው ሁለት ዙር ሲቀር እግሬ ከዳኝ። የእኔ አልመስል አለኝ። ሰባተኛ ወጣሁ። የክለቡ ሰው ስሜን እንኳ አልጠየቀም። መምህር ከድር ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ መጥቶ ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ማንን አየህ?"

"አባቴን።"

"እኔም አባት አለኝ" አለና አንስቶኝ ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

በእግሬ እንጀራ መብላቴ ግን አልቀረም፤ የክትባት ሳጥን ተሸክሜ ሠላሳ ዓመት ቁልቁለትና ዳገት ስወጣና ስወርድበት ኖሬአለሁ። የደከመኝ እሱ አይደለም። አባቴ በሰርጉም በሰንበቴውም "ይሄ ልጄ ሞጣ ላይ አንደኛ ወጥቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" ሲሉ፣ እኔ አቀርቅሬ መስማቴ ነው የደከመኝ። አታለልኳቸው እያልኩ ልነግራቸው ስነሳ ስቀመጥ፣ ባለፈው ዓመት ሞቱብኝ።

ጋሼ ይታየው እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። ቴሌቪዥኑ ላይ ለፍጻሜው እየተሰለፉ ነበር።

"ያን ቀን የአንተም ማጣሪያ ነበር" አሉኝ።

ክው አልኩ። "ማን ነገረዎት?"

"አየሁ እንጂ ማን ይነግረኛል። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጎማ ተነፈሰብኝ። ያን ስጠግን መሪጌታ ጩኸት ሰምተው ወደ ሜዳው ተመለሱ። ልጠራቸው ብሄድ ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመዋል። እስክትጨርስ አብረን አየንህ።"

"ምን አሉ?"

"ጉንደወይን እስክንደርስ ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ 'ይታየው፣ ሁለተኛውን ሩጫ አላየንም' አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እኚያ ሰው ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

አባቴን አታልያቸዋለሁ ስል፣ ለካ እሳቸው ናቸው ይህን ሁሉ ዓመት ነውሬን ሸፍነው የያዙልኝ። አዘንኩ፣ ደስም አለኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ቢሆን ብዬ ናፈቅኋቸው።

ረዳቱ ከውጭ "ቢቸና! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። ተነሳሁ።

"ሊጀምር እኮ ነው፤ አያዩትም?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ይቅርብኝ" አልኳት።

በማግስቱ ሙት ዓመቱ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ልጆቼን ሰብስበው "አባታችሁ ሞጣ ላይ አንደኛ የወጣ ነው" ይሏቸዋል። ትንሹ ወደ እኔ ዞረ።

"እውነት ነው፣ አባዬ?"

እንደ ወትሮው ላቀረቅር ነበር፤ ቀና አልኩ።

"አያትህ አይተዋል" አልኩት።