በሠላሳ ሦስት የዘፈነው አጎቴ

ሆሳዕና ቤታችን ከነበሩት የዘፈን ሸክላዎች ሁሉ ትንሿ አንዲት ብቻ ነበረች። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከሆመቾ አዲስ አበባ ሄዶ በሀዲይሳ ቋንቋ የዘፈነባት ናት። ከቀረጻት ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ። እኔ አልደረስኩበትም፤ የማውቀው ድምፁን ነው። ማለቴ፣ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

የትንሿ ሸክላ ቀዳዳ ከትልልቆቹ ይሰፋል። አባቴ ከአሮጌ ሸበጥ ክብ ጎማ ቆርጦ፣ መሀሉን በስቶ ገጠመላት፤ በዚህ ሥራው እስከ ዛሬ ይኮራል። የማጫወቻው ፍጥነት መቀያየሪያ ግን ሲገዛውም ሠላሳ ሦስት ላይ ተጣብቆ ነበር። ትልልቆቹ ሸክላዎች በደቂቃ የሚዞሩት ይህንኑ ያህል ጊዜ ስለሆነ ግድ የሰጠው ሰው የለም። ትንሿ አርባ አምስት ጊዜ መዞር እንዳለባት ማን ነግሮን? አጎቴ በወፍራም ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ ሽማግሌ እንደሚመርቅ ይዘፍናል። እኛ ልጆችም በየበዓሉ በዚያው ልክ ቀስ እያልን እንጨፍራለን።

እናቴ ሸክላዋ ስትነሳ ወደ ጓሮ ትወጣለች። የእሱ ድምፅ አይደለም ትላለች። አባቴ ደግሞ ትልቁን አስተካክሎ የሚያጫውት ማሽን ትንሹ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ይሞግታታል። እኔም ሐዘኑ ነው እያልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ይህን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

አምና ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ወደ ቤት ስመጣ ሸክላዋ ስትነሳ እናቴን ተከትዬ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ቆማለች።

«የራሱ ድምፅ እየጠፋኝ ነው» አለችኝ። «ላስታውሰው ስል ያ ጎታታው ይመጣብኛል።»

በማግስቱ ማጫወቻውንና ሸክላዋን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው ሸክላዋን ገልበጥ አድርጎ ካያት በኋላ መሀሏ ላይ የተጻፈውን 45 በጣቱ አሳየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ከቤታችሁ ማንበብ የሚችል አልነበረም ወይ ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። የደረቀውን ቅባት ጠርጎ መቀያየሪያውን አላቀቀው።

ቤት ስደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ልትወጣ ተነሳች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና መቀያየሪያውን አርባ አምስት ላይ አድርጌ መርፌውን አሳረፍኩት። ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል የጎረምሳ ድምፅ ወጣ። ለካ አጎቴ ልጅ ነበር። አሁን እኔ በዕድሜ እበልጠዋለሁ።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «ሁልጊዜም ይቸኩላል።» አለቀሰች፤ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባቴ ከወንበሩ ተነሳና ልድገመው ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት። ደገመው። እኛ ለመጨፈር ተነሳን፤ እግራችን ቀስታውን ስለለመደ አልደርስ አለ። እናቴ ነጠላዋን አገልድማ መሀላችን ገባችና እንዴት እንደሚጨፈር ታሳየን ጀመር።