መምህርት ዓለሚቱና በሽታ ነው ብዬ የነቀልኩት አኩሪ አተር

ጥፋቴን ተናዝዤ ልጀምር። ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ የነበረውን የመምህርት ዓለሚቱን አኩሪ አተር የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጦጣ አይደለም፣ ፍየል አይደለም፣ ምቀኛ ጎረቤትም አይደለም፤ እኔ የስፖርት መምህሩ ነኝ። እሳቸው ከወራት ሕመም በኋላ ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ሐዋሳ ቤታቸው አርፈዋል። ለምናውቃቸው ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን። ስሜን አንድም ቀን ሳያነሱ ስለሄዱ፣ እኔው ራሴ ላነሳው ነው።

መምህርት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። «ሰሌዳ ላይ ሥር አይበቅልም» ይሉ ስለነበር፣ የቡሹሎውን ገበሬ አቶ ዳንጊሶን ለምነው ለተማሪዎቹ ቁራሽ መሬት አገኙ። አቶ ዳንጊሶ ግን በዋዛ አልሰጡም። «አንድ ክረምት ልያችሁ። ሳይንሳችሁ ከተራው ዘር ካልበለጠ በቆሎዬን እዘራበታለሁ» አሉ።

መምህርት መሬቱን ለሁለት ከፈሉት። ለአንዱ ወገን ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን ጥቁር ዱቄት ለወሱበት፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ለሌላው ወገን ምንም። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ እየሄዱ ቁመቱን ይለካሉ፣ ቅጠሉን ያያሉ፣ ይጽፋሉ።

አንድ ሳምንት እሳቸው ስልጠና ሄዱና ማሳውን ለኔ አደራ አሉኝ። እንግዲህ እኔ የማውቀው ሣር የኳስ ሜዳ ሣር ነው። አፌ ግን አያርፍም፤ «ገጠር ያደግኩ ሰው እኮ ነኝ!» ብዬ ተቀበልኩ። አረም ስነቅል አንድ አኩሪ አተር አብሮ ወጣ። ሥሩን ባየው እባጭ በእባጭ ሆኗል! ሌላ ነቀልኩ፤ ያው እባጭ። ዱቄት ያልነካውን ወገን ነቅዬ ባይ ንጹሕ ነው። «ዱቄቱ በሽታ አመጣ!» አልኩና ወረርሽኙን ላቆም ሁለት መስመር ሙሉ ነቅዬ ከመርኩት።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ የቀረውን አዳንኩልዎት!» አልኳቸው ሲመጡ።

ክምሩ አጠገብ ቁጭ አሉ። አንዱን እባጭ በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ ውስጡ ቀላ ብሏል።

«ወንድሜ፣ ይኼ በሽታ አይደለም። የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው። ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጁበት ጓዳ። ከቀላ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።»

«ታዲያ ስንት ጓዳ አፈረስኩ?»

«ሁለት መስመር» አሉና ሳቁ። ዓይናቸው ግን የአቶ ዳንጊሶን ቤት ያያል።

ሊደብቁት ይችሉ ነበር። በማግስቱ ግን አቶ ዳንጊሶን ጠርተው «በኛ ስህተት ተነቅሏል፤ የቀረውን አብረን እንለካ» አሏቸው።

«ማነው የነቀለው?»

«ከኛው ወገን ነው። ጥፋቱ በደንብ ያላስረዳሁት የኔ ነው» ብለው ወሬውን ዘጉት።

ከዚያ ክምሩን ለተማሪዎቹ አከፋፈሉ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይኗ የደከመ አንዲት ተማሪ አፍንጫ ላይ ሰክተው፣ እባጩን አብረዋት ቆጠሩ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ሥር ነቅዬ ለማሳየት አልደፍርም ነበር» አሉ፣ ወደኔ ሳያዩ። እኔ እንደምንም ሳቄን ዋጥኩ፤ እፍረቴን ግን መዋጥ አቃተኝ።

ምርቱ ሲደርስ አቶ ዳንጊሶ ከሁለቱም ወገን እኩል እግር አስነቅለው በገዛ እጃቸው ፈለፈሉ። ዱቄት የነካው በለጠ። በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለተማሪዎቹ ትተው፣ ከራሳቸው የበቆሎ ማሳ ቆርሰው አኩሪ አተር ዘሩ፤ ዘሩን የሚለውሱትም ራሳቸው ሆኑ።

መምህርት፣ በቀብርዎ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ሁላችንም አንድ ነገር ፈርተን ነበር። መሬቱ የተሰጠው በእርስዎ ቃል ነው፤ እርስዎ ከሌሉ ልጆቹ የት ይማራሉ? እኔም ከአቶ ዳንጊሶ አጠገብ ተቀምጬ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት፣ «ያኔ የነቀልኩት እኔ ነበርኩ» አልኳቸው። ለቅሶ ቤት መሆኑን እስኪረሱ ሳቁብኝ። ደህና ይሁኑ መምህርት፤ ስሜን ስለሸፈኑልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቶ ዳንጊሶ እንባቸውን ጠርገው ያሉኝን ልንገርዎትና ይረፉ፦

«ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጣችኋል? ልጆቹን አምጧቸው እንጂ። ዝናብ ሰው ሞተ ብሎ አይጠብቅም።»