ከ«ላክ» በፊት ያለችው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት፣ ቢሯችን በቅርቡ የገባችው ሳሮን የበቆሎ ጥብሷን በአንድ እጇ፣ ላፕቶፗን በሌላው ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የእድር አፓችንን እያደሰች ነው። «ይቺን ጥያቄ ማን እንደጻፋት አላውቅም» አለችኝ፤ «ግን አንድ ስቴፕ ትጨምራለች። ብናወጣትስ?» ያሳየችኝ «ለቤተሰቡ መርዶ ተነግሯል?» የሚለውን ነበር። ከሥሩ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ «አዎ» እና «ገና»።

«አትወጣም» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ማኘኳን አቆመች።

ከዚያ ጥያቄዋ የመጣችበትን ታሪክ ነገርኳት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምሠራው ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የመዶሻው ድምፅና የቀለሙ ሽታ ቀኑን ሙሉ ከታች ይወጣል። ሥራዬ ስልክ ላይ የሚነበቡትን ቃላት መጻፍ ነበር። ለዘመድ ማስረዳቱ ያስቸግራል፤ እናቴ «ልጄ ኮምፒውተር ትጽፋለች» ብላ ነበር የምትገላገለው። እኔ ግን ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ነበር የማየው። ጽሑፍ ማሳጠር ደስ ይለኛል። ሰው በአምስት ቃል ያለውን በሁለት ካልኩት፣ ምሳ የበላሁ ያህል እጠግባለሁ።

ያን ክረምት የምናወጣው አዲስ አገልግሎት የኀዘን ማስታወቂያ ነበር። እስከዚያ ጡሩምባ ነፊ በየሰፈሩ እየዞረ ያሰማ የነበረውን፣ ከእንግዲህ የእድሩ ጸሐፊ በስልኩ ጽፎ ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካል። የሚሞላው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የሟች ስም፣ የቀብሩ ቦታ፣ ሰዓቱ። ከዚያ «ላክ»። አለቃዬ ዳዊት «በጣም ክሊን ነው!» ብሎኝ ሳምንቱን በኩራት ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ሊጠቀምበት የተስማማው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ እድር ነበር። ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ ጸሐፊው ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ለቀኑ ክብር ከረባት አስረው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ያቀረቡልኝን ቂንጬ ሁለት ማንኪያ ሳልበላ የጋሽ ተሰማ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ታመው የከረሙ የእድሩ አባል፣ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። ጋሽ ተሰማ ከልባቸው አዘኑ። ቢሆንም አዲሱ ነገር እጃቸው ላይ ነውና መነጽራቸውን አደረጉ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ፊደል እየፈለግሁ አገዝኳቸው። ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት። «ተልኳል» የሚለው ሲመጣ ሁለታችንም ፈገግ ማለታችንን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ደገፋ፣ ጡሩምባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ።

«ለምሕረት ማን ነገራት?» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ምሕረት የሟች አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብላ ጸበል ልታመጣላቸው እንጦጦ ማርያም ወጥታለች። እሷም የእድሩ አባል ናት፤ ስልክ ቁጥሯ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጋሽ ተሰማ ከረባታቸውን አላሉ።

ዳዊት ጋ ደወልኩ። «አንዴ ከሄደ አይመለስም» አለኝ፤ «ስልኳን ስትከፍት ይገባላታል።» ወደ ምሕረት ስደውል፣ ስልኩ ዝግ ነው የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ መለሰልኝ። ያን ድምፅ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከጋሽ ደገፋ ጋር ላዳ ይዘን ዳገቱን ተያያዝነው። ላዳዋ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች፤ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ በበሩ ክፍተት ይገባል። እኔ ግን የሚታየኝ፣ ያቺ ልጅ ዛፎቹ መሃል ብቻዋን ቆማ፣ አሳጥሬ ባስዋብኩት ጽሑፍ የእናቷን ሞት ስታነብ ነው።

«በእርስዎ አሠራር ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔማ ሰው ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ያልሰማው ማነው ብዬ ነው» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «ባልሰማ ሰው በር ላይ አልነፋም፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ከነገሩት በኋላ ተመልሼ እነፋለሁ። ሥራው ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ምሕረትን ነጠላዋ ረጥቦ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ቁልቁል ስትወርድ አገኘናት።

«ጋሽ ደገፋ! ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። ሰው ልናደርስ መጥተን ነበር። ነይ ግቢ፣ እናድርስሽ።»

አጠገቤ ተቀምጣ ጀሪካኑን እግሯ ሥር አደረገችና ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ አጥፍቼው ነበር። እማዬን እንዴት ሆንሽ ልበላት» አለች። ጣቷ ማብሪያው ላይ ነበር።

«ጀሪካኑ እያፈሰሰ ነው፣ ያዢው!» አልኳት። አላፈሰሰም። እሷ ግን ደንግጣ በሁለት እጇ አቀፈችው።

ጋሽ ደገፋ ከፊት ዞር አሉ። «አጥብቀሽ ያዢ፣ መንገዱ ያንገጫግጫል። ስልኩን ለእሷ ስጫት፤ አሁን እንደርሳለን።»

ሰጠችኝ። ቤታቸው እስክንደርስ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

ጎረቤቶቿና የንስሐ አባቷ እየጠበቋት ነበር። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው ነገሯት። ጩኸቷን ውጭ ቆሜ ሰማሁና እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ ልቅሶዬ እፎይታ ነበር። ኀዘኑን ማንም አያስቀረውም፤ ግን ስትወድቅ ሰው እጅ ላይ ወደቀች። ጋሽ ደገፋ ያኔ ወደ መንገዱ ወጥተው ነፉ።

በማግስቱ ጥያቄዋን ጻፍኩ፤ «ገና» ከተባለ፣ መርዶው እስኪነገር መልእክቱ አይሄድም። ዳዊትም አልተከራከረኝም።

ይህን ስጨርስ የሳሮን በቆሎ ቀዝቅዟል። «በቃ፣ ትቆይ» አለች።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። የእኛም ሰፈር እድር በዚሁ አፕ ነው የሚጠቀመው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ባረፈበት ጠዋት እዚሁ ቢሮ ነበርኩ፤ ስልኬ ጠረጴዛዬ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በሩን ከፍተው የገቡት አክስቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ናቸው። መልእክቱ የደረሰኝ ቤት ገብቼ፣ በሰው ተከብቤ ካለቀስኩ በኋላ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ ያን ጠዋት «ገና» የሚለውን ተጭነውልኛል።