ጥቁሯ ገመድና የአለቃው እግር

ሎሲቫሌ እንቢ ካለች እንቢ ነው፤ ሳቫይኢ ደሴት ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ልጅ ሆና የቄሱን ድምፅ ማጉያ ፈታታ ስትገኝ "ይቅርታ በይ" ቢሏት፣ "መጀመሪያ ከፍታችሁ ስሙት" ያለች ጉደኛ ናት። ዋና ከተማው አፒያ ሄዳ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች፤ ባል አገባች፤ ባሏ "ወይ እኔን ምረጪ ወይ ይህን የሽቦ ክምር" ሲላት ሽቦውን መረጠች። ተመልሳ የወረዳው ክሊኒክ የመሣሪያ ጠጋኝ ሆነች። ፀጉሯ ሸበተ፤ ጠባይዋ ግን ወይ ፍንክች።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት የልብ ምት ማንበቢያ ማሽን አለች። ሴቶችና ልጆች ሲመረመሩባት መስመሯ ጥርት ያለ ነው። የየቤተሰቡ አለቆች፣ ማታይ የሚባሉት፣ ሲተኙላት ግን ወረቀቱ ላይ የመጋዝ ጥርስ ብቻ ትስላለች። "ማሽኗ አለቃ ትፈራለች" እያለ መንደርተኛው ይስቃል። ሎሲቫሌን አያስቃትም። ክንድና እግር ላይ የሚለጠፉትን ገመዶቿን እርስ በርስ ጠመዘዘቻቸው፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን ከአጠገቧ አራቀች፣ በራሷ ገላ ላይ ሞከረቻት፤ ጥርት! አለቆቹ ሲመረመሩ ገብታ ልታይ እንዳትል ደግሞ ከነርሷ በቀር ማንም እንዲገባባቸው አይፈቅዱም። ከከተማ ደውለው "አርጅታለች፣ አሽገሽ ላኪያት" ሲሏት፣ "ማሽኗ ጤነኛ ናት፤ ሌላ የምታስጥሉት ካለ ንገሩኝ" ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ታላቅ ወንድሟ አለቃ ማሊጊ ደረታቸውን ይዘው፣ ላብ አጥምቋቸው መጡ። በእነሱ ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ አብረው አይቀልዱም፤ አንዱ የሌላውን ገላ ማየትማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሎሲቫሌ ከመጋረጃው ውጪ ቆማ ቀረች። ውስጥ ነርሷ ኢሜሌታ ከከተማው ሐኪም ጋር በስልክ ታወራለች።

"የላክሽልኝ ሥዕል ምንም አይነበብም" ይላል ሐኪሙ። "የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፤ ግን በሽታው ሌላ ከሆነ መርፌው ራሱ ይገድላቸዋል። መስመሩ ካልጠራልኝ አላዝም። ቶሎ በሉ።"

ሎሲቫሌ አላስችል አላት። "ኢሜሌታ፣ ጥቁሯ ገመድ የት ናት?"

"የአልጋው ብረት ላይ።"

"ቀኝ እግር ላይ አይደል እንዴ የምትለጠፈው?"

"የአለቃ እግር እንዴት ልግለጥ፣ እትዬ? የግራዋን እንኳ ወገባቸው ላይ ነው የለጠፍኳት። ጥቁሯ ደግሞ ምንም አታነብም፤ የልብ ምቱ የሚመጣው በሌሎቹ ነው።"

"ለአለቆች ሁሉ እንዲህ ነው የምታደርጊው?"

"አዎ። ከእኔ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ነበር የምትሠራው።"

የሎሲቫሌ ደሟ ፈላ። ስንት ዘመን ለማሽኗ ስትከራከርላት ኖራ፣ ጥፋቱ አክብሮት ሆኖ ተገኘ።

"ስሚ" አለች። "የመጋዝ ጥርሱን የሚስለው ከመብራቱ ሽቦ የሚመጣው ጉርምርምታ ነው፤ ሁለቱም ክንዳቸው ላይ እኩል ያርፋል። ማሽኗ የሁለቱን ልዩነት ነው የምትወስደው፤ እኩል የሆነውን ትጥለዋለች። ሲበዛባት ግን አትችለውም። ያን ጊዜ ጥቁሯ ጉርምርምታውን ገልብጣ በእግር በኩል ወደ ሰውነት ትመልሰውና ይጠፋፋል። አንቺ ለአልጋው ነው የምትመልሺው። አሁን እግራቸው ላይ ለጥፊያት።"

"እጄ አይታዘዝልኝም። ነገ በዚህ መንደር እንዴት እኖራለሁ?"

ሎሲቫሌ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ማሊጊ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "እህቴ፣ ውጪ። ነውር ነው።"

"ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። አልወጣም።"

"በክብሬ ልሙት።"

"ክብርዎን ሬሣ ሣጥን ውስጥ ምን ሊያደርጉት ነው?"

ያሸረጡትን ጨርቅ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረገች። ፈርታለች፣ እንባዋም መጥቷል። ላቡን ጠርጋ ጥቁሯን ገመድ ብትለጥፋትም አልይዝ አለች፤ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘቻት። መስመሩ ወዲያው ጠራ። ጥርሱ ሁሉ ጠፍቶ የወንድሟ ልብ ብቻ ቀረ፤ አካሄዱም ደህና አልነበረም።

"አሁን ታየኝ" አለ ሐኪሙ። "መርፌውን ስጪያቸው። መስመሩ ለአፍታም እንዳይቋረጥብኝ፤ እየተከታተልኩ ነው።"

ኢሜሌታ መርፌውን እየሰጠች ሳለ የመንደሩ አለቆች ደረሱ። ከፊት የቆመው አፈ ጉባኤያቸው ያየውን ማመን አቃተው።

"ሎሲቫሌ፣ እጅሽን አንሺ። ዘርሽን በሙሉ አዋረድሽ።"

"አላነሳም። ካነሳሁ ሐኪሙ ያየውን ያጣል፣ እኔም ወንድሜን አጣለሁ። ከመንደር ልታባርሩኝ ከሆነ አባርሩኝ፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ።"

"ምን ቤት ነሽና ነው እንዲህ የምትመልሽልን?" አለና እንዲያስነሷት ሁለት ሰዎች ጠቅሶ ወደ አልጋው ላከ። ሎሲቫሌ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

ያን ጊዜ ማሊጊ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ድምፃቸው የሰለለ ነበር፤ ሆኖም ሁሉም ሰማው።

"እግሩ የእኔ ነው፤ የያዘችውም እህቴ ናት። እሷ ትቆይ። እናንተ ውጡልኝ።"