ለወንድሜ ያስተማርሁት ምት

በታናሽ ወንድሜ እቀናለሁ። ቀናሁ ብዬ ያለፈ ነገር ባደርገው ደስ ባለኝ፤ ግን ዛሬም እቀናለሁ።

እሱ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ይነዳል፤ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጧል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ታዲያ የገና በዓል ደርሶ ጣና ዳር ባለው ሜዳ ላይ ስንሰለፍ፣ ቆልማማውን ዱላ አንሥቶ ጥንጓን ሲመታት ያቺ የእንጨት ኳስ ሜዳውን ጨርሳ ደንገል ውስጥ ትገባለች። የእኔዋ መንገድ ላይ ትቀራለች። ሰው ሁሉ «ወንድምህ እኮ ጉድ ነው!» እያለ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ሲያደርገኝ ጥርሴ ይስቃል፤ ሆዴ ግን እርር ይላል።

አምና አባታችን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የተጫወቱበትን የወይራ ዱላ ከግድግዳው አወረዱና «እኔስ አርጅቻለሁ። ከሁለታችሁ ለገና አርቆ የመታ ይወስዳታል» አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ወንድሜን ነበር። የበኩር ልጃቸው እኔ ነኝ። ያን ዱላ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬያለሁ፤ ዐይናቸው ግን ለአንድ አፍታ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም።

በማግሥቱ ወንድሜ ሲለማመድ በስልኬ ቀረጽሁት። እንከን ፍለጋ ነበር። ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ቀስ እያደረግሁ ሳየው ግን እንከን አጣሁበት። ዱላው ከኋላው ሳለ ግራ እግሩ መሬቱን ይጫናል፤ መሬቱም መልሶ ይገፋዋል። ያ ጉልበት ዳሌውን ያዞረዋል፤ ትከሻው ዳሌውን፣ ክንዱ ትከሻውን ይከተላል። የእጁ አንጓ እንደታጠፈ ይቆይና ጥንጓ ጋ ሲደርስ ብቻ ይፈታል። እኔ በክንዴ እጀምራለሁ፤ አንጓዬን ቸኩዬ እፈታና ጉልበቴን አየር ላይ ጨርሼ ጥንጓ ዘንድ ባዶዬን እደርሳለሁ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ነገር እሱ ሳያውቀው ያደርገዋል። ንድድ አልሁ።

ከዚያ አስተማርሁት። ቪዲዮውን እያሳየሁ፣ እግር፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ አንጓ እያልሁ ቅደም ተከተሉን አስያዝሁት።

«ወይ ጉድ! ይኸን ሁሉ የማደርገው እኔ ነኝ?» አለ እየሳቀ። «እኔ እኮ ዝም ብየ ነው የምመታው፣ ጋሼ።»

«አሁን አንጓህን መቼ እንደምትፈታው ልብ በል» አልሁት።

አንዲት ውሸት አልነገርሁትም። ግን ደረጃ የሚወርድ ሰው ስለ እግሩ ማሰብ ሲጀምር እንደሚደናቀፍ፣ እሱም እያሰበ ከመታ እንደሚበላሽ አውቅ ነበር።

የገና ቀን ወንድሜ ዱላውን አንሥቶ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያስተማርሁትን እየቆጠረ ነው። ሲመታ ዱላው አፈር ዛቀ። ጥንጓ ትንሽ ተንከባልላ ቆመች፤ ሰውም ሳቀ። የእኔዋ እንደ ወትሮዋ መንገድ ላይ ቀረች፤ ያም ሆኖ አሸነፍሁ። አባታችን ዱላውን ሲሰጡኝ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ዐይናቸው አሁንም እሱ ላይ ነበር።

ዱላው አሁን ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። አንድ ቀን እንኳ አልመታሁበትም። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ይገባል፤ ወደ ዱላው ቀና ብሎ ያይና አጠገቤ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ እስቲ ያን ቪዲዮ ድገምልኝ» ይለኛል። «አንተ ደክመህ አስተማርኸኝ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ተወው፣ ዝም ብለህ ምታ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስልኬን አወጣና ከእግሩ ጀምሬ አስረዳዋለሁ።