የግራው ክዳን

ወይዘሮ ክዳን ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የክፍሉ አለቃ ነው፤ ቀልደኛ ነኝ ባይ ነው፣ አንዱን ቀልድ ደግሞ እስኪያንገሸግሽ ይደጋግመዋል። ስሙ ግን ያለ ምክንያት አልተሰጣትም፤ ሥራዋ መክደን ነው። የጠመንጃው የብረት አካል፣ ብረት እየጨፈለቀ ቅርጽ ከሚያወጣው ማተሚያ ማሽን ወጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ በቀኝም በግራም ቀዳዳ አለው። እሷ የግራውን በብጣሽ ብረት ትከድንና፣ ሪቤት የሚሉትን ማጣበቂያ ችንካር ከትታ በመዶሻ ጠፍጥፋ ለቀጣዩ ሠራተኛ ታስተላልፋለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ክርኗ ድረስ ይነዝራታል፤ ቤቷ ገብታ ማንኪያ ስትይዝም ንዝረቱ አይለቃትም።

ይህ አጭር ጠመንጃ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አልነበረበትም። ጦርነቱ ሁሉም እንደጠበቀው በቶሎ ቢያበቃ ኖሮ፣ የሙከራ ዕቃ ሆኖ መስታወት ሣጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ በኖረ ነበር። መሐንዲሱ ጥቂት ናሙና ሠርቶ ነበር፤ ሹማምንቱ መጥተው፣ ተኩሰው፣ አድንቀው፣ ምሳቸውን በልተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። ጦርነቱ ግን አላበቃም። ወታደሩ ረጅሙን ጠመንጃ ይዞ በየቤቱ ደረጃና በየመኪናው ሆድ ውስጥ መታገል ታከተው። አጭሩ ጠመንጃ ከተረሳበት ተጎትቶ ወጣ፤ ድስትና ባልዲ ይሠራ የነበረው ፋብሪካም ጠመንጃ በገፍ ያመርት ጀመር።

ጠመንጃው ያጠረው አፈሙዙ ተቆርጦ አይደለም። ጥይቱ የሚፈነዳበት ክፍል ወደ ኋላ ሄዶ ሰደፉ ውስጥ ስለገባ ነው። ብልሃቱም ጣጣውም እዚያው ላይ ነው፤ የጋለው ባዶ የጥይት ቀለህ ተፈናጥሮ የሚወጣበት ቀዳዳ ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ይሆናል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ምንም አይሆንም፣ ቀለሁ ወደ ውጭ ይበራል። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ግን ፊቱ ላይ ነው የሚያርፍበት።

መሐንዲሱ ይህን አልዘነጋም። ለዚህ ብሎ በሁለቱም ጎን ቀዳዳ አበጅቶ፣ ቀለሁን ወደተፈለገው ጎን የምትመልስ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ጨምሮ ነበር። ምርቱ ሲጀመር ቁራጯ ጊዜ ትበላለች ተብላ ተሰረዘች። የማተሚያው ቅርጽ ግን ባለሁለት ቀዳዳ ሆኖ ተሠርቶ አልቋል፤ እሱን እንደገና ከመሥራት አንዲት ሴትዮ አስቀምጦ ማስከደን ይቀላል ተባለ። እንግዲህ ወይዘሮ ክዳን ሥራ ያገኘችው በዚህ ነው።

ምን እንደምትከድን ያወቀችው በምሳ ሰዓት ነው። አለቃው እንደ ልማዱ እየቀለደ፣ ግራኝ ወታደር በዚህ ቢተኩስ ጥርሱን ከመሬት ይለቅማል አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ምሳዋን ወደ ጎን ገፋች፤ ልጇ በዚያው ሳምንት ለውትድርና ተጠርቷል፣ ልጇ ደግሞ ግራኝ ነው።

የልጁ ግራኝነት በዚያ ቤት ድሮ ያለቀ ጠብ ነበር። እርሳስ መያዝ ሲጀምር አስተማሪው ጣቶቹን በማስመሪያ ይመታው ነበር። ባሏም፣ አናጺው፣ እጁን አስረን በቀኝ እናስለምደው ብሎ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። ትምህርት ቤት ሄዳ አስተማሪውን ልክ ልኩን ነገረችው፣ ባሏን አኮረፈችው፣ ልጁም በግራው እየጻፈና በግራው እየበላ አደገ። በኑሮዋ ይህንንስ አሸነፍኩ የምትለው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር። አሁን በዚያው እጅ የሚተኩሰውን ልጇን ፊቱን ራሷ በመዶሻ የምትመታው መሰላት።

ላይ ታች ማለት ጀመረች። አለቃው ወደ መሐንዲሱ መራት። መሐንዲሱ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ሰው ነው፤ ወንበር ሳብ አድርጎ አስቀመጣትና ሁሉንም አመነላት። ቁራጯን የሣላት እሱ ነው፣ የሰረዙበት ሌሎች ናቸው፣ ተሟግቶ አልሰሙትም። ቢያንስ ለልጇ አንዲት ብቻ ይሠራላት እንደሆነ ጠየቀችው። ጠመንጃው በሣጥን ታሽጎ ይሄዳል፣ የቱ ለማን እንደሚደርስ ማንም አያውቅም አላት፤ ይህን ሲናገር ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ወደ መመልመያው ቢሮ ሄደች። የመቶ አለቃው እሱም ጨዋ ሰው ነው፣ እሱም ወንበር አቀረበላት።

"እናቴ፣ ሠራዊት ውስጥ ግራኝ የለም" አላት።

"ልጄ ግራኝ ነው እያልኩህ።"

"ሲገባ ቀኝ ይሆናል።"

ደሟ ፈላ። ግን ከማን ጋር ትጣላ? አንዱ እንኳ ቢያመናጭቃት እፎይ ባለች ነበር። ሁሉም ይሰማታል፣ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሁሉም ወደ በሩ በአክብሮት ይሸኛታል። በማግስቱ ክዳኑን በንዴት ስትመታው ተጣመመ፤ ለዚህኛው ግን አለቃው አልሳቀም፣ ተቆጣት።

ሲመሽ የሰፈሯን ዳቦ ጋጋሪ አገኘቻት፤ የእሷም ልጅ ግራኝ ነው፣ የእሷም ተጠርቷል። ነገሩን ስትነግራት ጋጋሪዋ ይለምደዋል ብላ ዱቄቷን ማራገፍ ቀጠለች። እንዲህ ያለ ግዴለሽነት አንጀቷን አሳረራት። ልጅ ወልደሽ እንዴት እንዲህ ትያለሽ ልትላት ፈልጋ ተወችው።

ቤት ስትገባ ባሏ ጠበቃት።

"ያኔ እጁን እንሰር ስልሽ..." ብሎ ጀመረ።

"ከእንጨት ጠመንጃ ሥራልኝ" አለችው። ሌላ ነገር አልመለሰችለትም።

ሠራላት። ልኩን እሷ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። የልጇን ግራ እጅ በሻርፕ ከወገቡ ጋር ታስራለች፤ በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ጥርሱን ይፍቃል፣ በቀኝ ትከሻው እንጨቱን ያነጣጥራል። ሾርባ ደረቱ ላይ ይደፋል፣ በሩን መክፈት አቅቶት በክርኑ ይገፋዋል። መጀመሪያ ላይ ሳቀ፤ ቆይቶ ተናደደ፤ አንድ ቀን "እማዬ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም" ብሎ ሻርፑን ወረወረው። አንስታ መልሳ አሰረችው። ያ በማስመሪያ ይመታው የነበረ አስተማሪ ቢያያት ምን ይል ይሆን ብላ አሰበች፣ ራሷን ጠላች፣ ቋጠሮውን ግን አላላላችም።

የከፋው ድንጋጤው ነው። ረጋ ሲል በቀኝ ያነጣጥራል፤ ከበር ኋላ ሆና ድስት ስታንኳኳበት ግን እንጨቱ ብድግ ብሎ ወደ ግራ ትከሻው ይሄዳል። ጦር ሜዳ ደግሞ የሚደነገጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ ኮሪደር ላይም፣ መታጠቢያ ቤት ደጃፍም፣ ባሰኛት ቦታ ሁሉ ታስደነግጠዋለች። ባሏ ከልጁ በፊት እኔን ትገድይኛለሽ ይላታል። በመጨረሻ፣ ልጁ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ድስቱ ሲንኳኳ እንጨቱ ቀኝ ትከሻው ላይ አረፈ። ደግማ ሞከረችው። እንደገና ቀኝ ሆነ። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ለምን እንደምታለቅስ ግን ለራሷም አልገባትም።

ልጁ ሥልጠናውን ጨርሶ ለአጭር ፈቃድ መጣ። ገና ከመግባቱ ፊቱን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ጉንጩን አየች፣ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን አየች። አንዲት ጭረት የለችበትም። ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አለች፤ ባሏም ያን ቀን ያኔ ስልሽ አላለም።

ገበታው ላይ ስለ ዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ጠየቀችው።

"እሱማ ጉንጩ ተቃጠለ። ሌሎቹም ግራኞች እንዲሁ። ቢሉት ቢሠሩት በቀኝ አልሆን አላቸው፤ ከዚያ ትእዛዝ መጣና ግራኙን ሁሉ ከተኳሽነት አወጡት። እሱ ኋላ ቀርቶ ድንች ይልጣል።"

"አንተስ?"

"እኔ በተኩስ ከሻለቃ ጦሩ ሁሉ አንደኛ ወጣሁ፣ በቀኝ። ግራኝ መሆኔንም አላወቁም። ከፈቃድ ስመለስ ግንባር ነን።" ስጦታ ይዞላት የመጣ ሰው ይመስል ነበር ሲናገር።

ባሏ ብርጭቆውን ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። እሷ የልጇን ንጹሕ ጉንጭ አየችው፤ ምነው ትንሽ በተቃጠለ ብላ ተመኘች። ይህን በመመኘቷ አላፈረችም።

"ስትመለስ ግራኝ ነኝ በላቸው" አለችው። "በግራህ ተኩስና ያዩሃል።"

ልጁ ሳቀ። ነገሩ ቀልድ መስሎት ተነስቶ መጥረጊያውን አነሳና ግራ ትከሻው ላይ አደረገው። አስተካከለው፣ አንገቱን አጣመመ፣ እንደገና አስተካከለው። ሳቁን ተወው።

"እማዬ፣ በግራ እምቢ አለኝ እኮ" አላት።