ያልታተመችው የትኩሳት ሌሊት

እጮኛዬ ኮሚክስ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ መጽሔት ያነብ የነበረው ከአንደኛው ቁጥር ጀምሮ፣ ተራውን ጠብቆ፣ አንድም ሳይዘል ነው። እኔ ደግሞ ሱፐርሂሮዎቹን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የማውቃቸው በፋን ፊክሽን በኩል ነው። አድናቂዎች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ወስደው እንደየልባቸው የሚጽፉት፣ በነጻ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፉት ታሪክ ማለት ነው። ከቤቴ ቦሌ መሥሪያ ቤቴ ድረስ በታክሲ ስመላለስ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ታትሞ ቢሰበሰብ ቤት ይሞላል። ዋናውን ኮሚክስ ግን ገልጬው አላውቅም ነበር። ምን ሊያደርግልኝ?

እኛ አንባቢዎቹ ደንብ አለን። ጸሐፊዋ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚሞት፣ መጨረሻው ደስታ ይሁን ኀዘን፣ ሁሉንም አስቀድማ ትናገራለች። ካልተስማማሽ ትተሽ ሌላ ትከፍቻለሽ። አንዷ የገደለችውን ሌላዋ ታስነሣዋለች፣ ማንም ተነሥቶ «ውሸት ነው» ብሎ አይጮኽም። አንብበሽ ስትጨርሺ አመስግነሽ ትወጫለሽ። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ አላየሁም።

ከሁሉ የምወዳት አንዲት ሌሊት አለች። ጀግናው ከተማ የሚጠብቅ፣ ኮስታራ፣ ያሳደገውን የሙት ልጅ እንኳ አቅፎ የማያውቅ ሰውዬ ነው። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ግን ከተማውን እርግፍ አድርጎ ትቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርግለታል፣ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣዋል። ይህችን ሌሊት የማይጽፋት አድናቂ ስለሌለ ከዋናው ኮሚክስ የተወሰደች ነበር የመሰለኝ። የኔ አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ናዝሬት ሌላ ትዳር ይዞ በዚያው የቀረው ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ይህችን ሌሊት ለምን እንደምወዳት እንግዲህ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ነገራችን ጠንከር ሲል እጮኛዬ ኮሚክሱን በሙሉ በሃርድ ዲስክ ሰጠኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እንዳትዘዪ!» አለኝ። እኔ ግን እንደለመድኩት ልጁ ያለበትን እየፈለግኩ፣ ያልጣመኝን እየዘለልኩ ገባሁበት። ገረመኝ። ጸሐፊ በተቀየረ ቁጥር ጀግናው ሌላ ሰው ይሆናል። አንዱ ይገድለዋል፣ ተከታዩ ከመቃብር ያወጣዋል፣ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የልጅነት ታሪኩን ከሥሩ ነቅሎ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ይሄማ የእኛው ሰፈር ነው አልኩ። ልዩነቱ እነዚህ ይከፈላቸዋል፣ የእኛዎቹ ደግሞ አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ። የትኩሳቷን ሌሊት ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ያገኘሁት ልጁን በጥፊ የሚያጮል ጀግና ነው።

ቦሌ አንድ ካፌ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጠን ሳለ እጮኛዬን ጠየቅኩት። «ልጁ ሲታመም አልጋው ጋ የሚያድርለት የትኛው ቁጥር ላይ ነው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እጮኛዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የኔ ቆንጆ፣ እሱ የለም እኮ! ቺኮች ኢንተርኔት ላይ የፈጠሩት ነው።»

«ኦፊሻል አይደለም ለማለት ነው» አለኝ አንደኛው ጓደኛው፣ ሊያዝንልኝ እየሞከረ።

«ያልሆነውን ሆነ ማለት አይቻልም፣ በቃ» አለ እጮኛዬ።

እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። አንጀቴ ግን አርሮ ነበር።

ከዚያ እጮኛዬ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ልጄን ሰጥቻለሁ የሚል አባት ያስፈልጋል። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ሸጣ ያሳደገችኝ እናቴ መሆኗን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም አጎቴ ናዝሬት ድረስ ሄዶ አባቴን ሙሉ ልብስ አስለብሶ አመጣውና ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየማችን ሶፋ ላይ አስቀመጠው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

እንደ ወጉ እስክጠራ ድረስ መኝታ ቤት ነበርኩ። በሩ ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቺን ልጅ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው ያሳደግኋት» አለ። «ትንሽ ልጅ ሆና ታይፎይድ ይዟት፣ መኪናዬን አቁሜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። በእጄ ነው ያጎረስኳት።»

«እሰይ! አባት እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ታይፎይድ የያዘኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ አዝላ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ነጠላዋ ላይ ያለው የበርበሬ ብናኝ ዓይኔን እንዳያቃጥለኝ አንሶላ ቀድዳ፣ አርጥባ፣ ግንባሬ ላይ ያደረገችው እሷ ናት።

ዕድሜዬን ሙሉ የማንንም ታሪክ ውሸት ነው ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን በሩን በርግጄ «አልነበርክም!» ልለው ብድግ አልኩ። ያቺን የጀግናውን ሌሊት ኢንተርኔት ላይ የጻፏት ልጆች ከማንም አልወሰዱም፤ የሌለ ነገር ነው የጨመሩት። አባቴ ግን ከእናቴ ቀምቶ ነው የተናገረው። ይህን በልቤ እያልኩ ሳለ ተጠራሁ። ወጣሁና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳምኩ፣ የአባቴንም ሳምኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እጮኛዬ ደወለ። «አባትሽን በጣም ወደዋቸዋል! አንደኛው ሽማግሌማ እንባቸው መጣ አሉ።»

«ውሸት ነው። ያኔ እንዳልነበረ ነግሬሃለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ግን ምን አለበት? ወግ ነው። ደስ የሚል ነገር ተናገሩ፣ አለቀ!»

የጀግናውን እያንዳንዱን ቁስል ከነቁጥሩ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በኋላ አግብቼዋለሁ፣ ለዚያ ቀን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ወጥ ቤት ስገባ እናቴ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እማዬ፣ እንዴት ዝም ትያለሽ?» አልኳት። «እያዳመጥሽው!»

ብርጭቆውን ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሻይ ይዤ ልገባ በሩ ጋ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «ሕመምሽን ሲያነሣ ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ሻሼን አስተካከልኩ።»